በእጅ ያለ ወርቅ

«የተዘረፈው ቅርሳችን ይመለስ!» ስንል ድምፃችን ከፍ ይላል፤ ሊልም ይገባዋል። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሲወድቁ የእንግሊዝ ጦር የዘረፈውን በ15 ዝሆኖችና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ጭኖ ወረደ። ከጦሩ ጋር የመጣው የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ሪቻርድ ሆምዝም አንድ የወርቅ ጽዋና አንድ የወርቅ አክሊል ከወታደር እጅ በ4 ፓውንድ ገዛ። ሁለቱም ዛሬ ሎንዶን፣ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ውስጥ ናቸው። በ2010 ዓ.ም. የሙዚየሙ ኃላፊ በረጅም ጊዜ ውሰት ሊሰጡን እንደሚችሉ ተናገሩ። የራስን ዕቃ መዋስ! ይህን የሰማ ምን ይላል?

ለመሆኑ ጽዋው የጎንደር መሆኑ በምን ታወቀ? በአካሉ ላይ በተቀረጸው ጽሑፍ ነው። ዳግማዊ ኢያሱና እናታቸው እቴጌ ምንትዋብ ለቁስቋም እንደ ሰጡት ጽዋው ራሱ ይመሰክራል።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። በጎንደርና በሰሜን ደጋ ደብሮች ዕቃ ቤት ስላሉት መስቀሎች፣ ጽናዎችና ጸናጽሎችስ ምን እያደረግን ነው? በዓል በደረሰ ቁጥር በሎሚና በአመድ እንፈትጋቸዋለን፤ አሸዋ የሚጨምርም አለ። ሎሚ አሲድ ነው፤ ዝገቱን ሲያነሣ መዳቡንም ይበላል። አመድና አሸዋ ይፍቃሉ። በወርቅ የተለበጠ መስቀል ከሆነ ደግሞ ልባጡ ከፀጉር የቀጠነ ነው፤ አንዴ ከሄደ አይመለስም። ከልባጡ ጋር የእመቤታችን ሥዕል፣ የሰጪውም ስም ይደበዝዛል። ያበራነው ይመስለናል፤ ያጠፋነው ግን ታሪኩን ነው።

የመዳብና የነሐስ መጥቆር ሁሉ በሽታ አይደለም፤ ጥቁረቱ ብዙ ጊዜ ለብረቱ ልብስ ነው። የሚያስፈራው እንደ ዱቄት የሚረግፈው ፈዛዛ አረንጓዴ ነው። እርሱም ከጨውና ከእርጥበት ይመጣል፤ የእጅ ላብም ጨው አለበት። ሙዚየሞች ብረቱን ሳይጭሩ በኤክስሬይ ከምን እንደ ተቀላቀለ ያውቃሉ። እኛ ኤክስሬይ ባይኖረንም ደረቅ ጨርቅ፣ ደረቅ ሣጥን፣ ፎቶግራፍና መዝገብ አያቅተንም።

«መስቀል ለአገልግሎት እንጂ ለሙዚየም አልተሠራም» የሚሉኝ አባቶች አሉ። እውነታቸውን ነው። ነገር ግን በረከቱ ከመስቀሉ እንጂ ከማብለጭለጩ አይደለም።

«እንግዲያው ሎንዶን ይቆይ» ለሚለውም መልስ አለኝ። ልጁን በወጉ ያላጠበ አባት ይወቀሳል እንጂ ልጁ ለነጠቀው ሰው አይሰጥም። ጥፋታችን የእኛ ነው፤ ጽዋውም የእኛ ነው።

አበው «በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» ይላሉ። የሄደውን እንጠይቅ፤ የቀረውን ግን በገዛ እጃችን አንፈትገው። ነገ ከእነዚህ መስቀሎች አንዱ ተሰርቆ በባዕድ ገበያ ቢገኝ በምን ማስረጃ «የእኛ ነው» እንላለን? የቁስቋም ጽዋ እስከ ዛሬ የሚመሰክርልን ፊደሉ ስላልጠፋ ነው።