በበረዶ ተራራ ላይ የአንድ ወቅት ሥራ፦ ደመወዙና የቤት ኪራዩ ሲመዛዘኑ

በአሜሪካ ዩታ ግዛት ፓርክ ሲቲ በምትባል የተራራ ከተማ ታኅሣሥ 18 ቀን 2017 ዓ.ም ወደ 200 የሚጠጉ የተራራ ደኅንነትና የነፍስ አድን ሠራተኞች የሥራ ማቆም አድማ መቱ። በፈረንጆቹ አቆጣጠር ዕለቱ ዲሴምበር 27 ቀን 2024 ነበር። በእነርሱ ገናና አዲስ ዓመት መካከል ያለው ሳምንት ለበረዶ ሸርተቴ ሪዞርቶች ከዓመቱ ሁሉ የላቀ የገበያ ጊዜ ነው። በዚያ ሳምንት ለአንድ ቀን የሚቆረጠው ትኬት ከ300 ዶላር በላይ ይሸጣል። ይህን ከፍለው ከሩቅ የመጡ ቤተሰቦች ግን አብዛኛው የተራራው ክፍል ተዘግቶ አገኙት። በተከፈቱት ጥቂት ማጓጓዣዎች ፊት የተዘረጋው ረጅም ሰልፍ በተንቀሳቃሽ ምስል ተቀርጾ ዓለምን አዳረሰ።

በየሰልፉ ጫፍ ላይ አካፋውን ይዞ የቆመ አንድ ሰው ነበር። አድማውን አልመታም፤ የአድማው ድርድርም እርሱን አይመለከትም። የተበሳጨውን እንግዳ በፈገግታ ተቀብሎ ወንበር ላይ ማስቀመጥ ግን የእርሱ ድርሻ ነው። ይህ ሰው የሊፍት ኦፕሬተር ይባላል። ኅዳር ላይ ተቀጥሮ ሚያዝያ ላይ የሚሰናበት ወቅታዊ ሠራተኛ ነው። ስለ ፓርክ ሲቲ አድማ ብዙ ተጽፏል፤ ስለዚህ ሰው ግን እምብዛም አልተነገረም። ለአንድ ወቅት ሥራ ከቀየው ርቆ የሚሄድ ሰው ኑሮ ምን እንደሚመስል ለሚያውቅ አንባቢ የእርሱ ነገር ባዕድ አይሆንም።

በቅድሚያ ስለ በረዶው ጥቂት እንበል። የእኛ ገበሬ በረዶ ሲባል የሚታየው ሰብል የሚያረግፍ፣ ጤፍ የሚያስተኛ መቅሠፍት ነው። በዚያ አገር ተራሮች የሚወርደው እንደ ተባዘተ ጥጥ የለሰለሰ፣ ለወራት ሳይቀልጥ የሚከመር አመዳይ ነው፤ ለሪዞርት ከተሞችም አዝመራቸው እርሱ ነው። ሰዎች ከእግራቸው በታች ረዣዥም ሰሌዳ አስረው ከተራራው አናት ወደ ታች ይንሸራተታሉ። መንሸራተቱ ደስታ፣ መውጣቱ ግን ድካም ነውና አቀበቱን የሚያወጣ መሣሪያ አስፈለገ። የመጀመሪያው የወንበር ሊፍት እ.አ.አ በ1936 አይዳሆ ግዛት ውስጥ በሰን ቫሊ ተተከለ። የተከለው ዩኒየን ፓሲፊክ የተባለው የባቡር ኩባንያ ሲሆን፣ ዓላማውም በባቡር የሚጓዝ መንገደኛ ማብዛት ነበር። መሣሪያውን ያሰበው ጄምስ ከረን የተባለ መሐንዲስ ሐሳቡን ያገኘው ሙዝ በመርከብ ከሚጫንበት ዘዴ ነው። የሙዙ ዘለላ በሚዞር ገመድ ላይ በመንጠቆ ተንጠልጥሎ ይጓዝ ነበር፤ መሐንዲሱ በመንጠቆው ፋንታ ወንበር አንጠለጠለ።

ዛሬ ያለው ሊፍትም በመሠረቱ ያው ነው። ወፍራም የብረት ገመድ በምሰሶዎች ላይ ያለማቋረጥ ይዞራል፤ ወንበሮቹም አብረውት ይዞራሉ። ወንበሩ ከገመዱ ጋር በቋሚነት የታሰረ ከሆነ በሴኮንድ ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ይጓዛል፤ ሰው ሲሳፈርም በራሱ ፍጥነቱን አይቀንስም። በአዲሶቹ ማጓጓዣዎች ወንበሩ ጣቢያ ሲደርስ ከገመዱ ተላቆ በእርጋታ ይሄዳል፤ ሲወጣ እንደገና ገመዱን ጨብጦ በሴኮንድ አምስት ሜትር ያህል ይነጉዳል።

ኦፕሬተሩ ሥራውን የሚጀምረው በማለዳ ነው። ሌሊት የወረደውን በረዶ በአካፋ ይጠርጋል፤ መሳፈሪያውንና መውረጃውን ደልድሎ ያስተካክላል፤ የማቆሚያ ቁልፎቹና የታችኛውን ጣቢያ ከላይኛው የሚያገናኘው ስልክ መሥራታቸውን ይፈትሻል። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ አንድ ዓይነት ሥራ ነው፦ ወንበሩን መያዝ፣ ሕፃን ሲመጣ ፍጥነቱን መቀነስ፣ ሰው ሲወድቅ ማቆም፣ ማስነሣት፣ እንደገና መጀመር። ትልቅ ማጓጓዣ በሰዓት ከ2 ሺህ እስከ 3 ሺህ ሰው ያወጣል። የላይኛው ጣቢያ ተረኛ ደግሞ በነፋስና በውርጭ መካከል ዓይኑን ከመውረጃው ሳያነሣ ይቆያል። ሥራው ከባድ ዕውቀት አይጠይቅም፤ ከባድ ትኩረት ግን ይጠይቃል። አንድን ነገር በቀን ሺህ ጊዜ አይቶ በሺህ አንደኛው ጊዜ አለመዘናጋት ቀላል አይደለም።

እ.አ.አ በጃንዋሪ 2024 በካሊፎርኒያ ታሆ ሐይቅ አጠገብ በሚገኘው ሄቨንሊ ሪዞርት አንዲት ሴት ወደ ማታ ላይ ወደ ታች ለመውረድ በዝግ ካቢን ተሳፈረች። ካቢኑ አየር ላይ እንዳለ ማጓጓዣው ለሊቱ ቆመ። ሴትዮዋ በውርጩ ውስጥ 15 ሰዓት ያህል ቆይታ በማግስቱ ማጓጓዣው ሲከፈት ተገኘች። በሕይወት መትረፏ መልካም ነው። ነገሩ ግን በሥራው መጨረሻ ላይ የምትደረገው «የቀረ ሰው አለ ወይ?» የምትል ማረጋገጫ ምን ያህል ክብደት እንዳላት ያሳያል።

አደጋ ሁሉ የኦፕሬተሩ ጥፋት አይደለም። እ.አ.አ በዲሴምበር 2016 በኮሎራዶ ግራንቢ ራንች አንዲት እናትና ሁለት ልጆቿ ከወንበር ላይ ወድቀው እናትየዋ ሕይወቷ አለፈ። የግዛቱ የማጓጓዣ ደኅንነት ቦርድ መርምሮ የደረሰበት ምክንያት በሊፍቱ የኤሌክትሪክ መቆጣጠሪያ ላይ የተደረገው ለውጥ የፈጠረው ድንገተኛ የፍጥነት መለዋወጥ ነው። መሣሪያውን የሚጠግነው መካኒክ ሌላ፣ ቁልፉን የሚጫነው ኦፕሬተር ሌላ ነው። ይህ ልዩነት በደመወዝም፣ ወደ ኋላ እንደምናየው በመደራደር አቅምም ይገለጻል።

ወደ ክፍያው እንምጣ። ፓርክ ሲቲን ጨምሮ በርካታ ሪዞርቶችን የሚያስተዳድረው ቬይል ሪዞርትስ፣ ሠራተኛ አጥቶ ከተቸገረ በኋላ እ.አ.አ በ2022 የሰሜን አሜሪካ ሠራተኞቹን ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ 20 ዶላር አደረገ። በፌዴራል ሕግ የተደነገገው ዝቅተኛ ክፍያ 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም መሆኑን ስናይ ይህ ትልቅ ገንዘብ ይመስላል። ወደ ብር ሲመነዘርማ የሰሚን ልብ ያማልላል። ሒሳቡን ግን በዚያው በሥራው አገር እናስላው። በሳምንት 40 ሰዓት የሠራ ሰው 800 ዶላር፣ በአራት ሳምንት 3,200 ዶላር ያገኛል፤ ግብር ገና አልተቀነሰም። በአሜሪካ እንደ ጤናማ የሚቆጠረው የቤት ኪራይ ከገቢ 30 በመቶ ያህሉ ነው። ይህም 960 ዶላር ይሆናል። በፓርክ ሲቲ፣ በቬይል ወይም በአስፐን በዚህ ዋጋ ለብቻ የሚከራይ ቤት ማግኘት እጅግ አስቸጋሪ ነው። በተጨማሪም 40ው ሰዓት ዋስትና የለውም። በረዶ ሲያንስ የሚከፈተው ማጓጓዣ ያንሳል፤ የሥራ ሰዓቱም አብሮ ይቀነሳል፤ ኪራዩ ግን ከቀኑ አይዘገይም።

ቤት የጠፋው ቤት ስለሌለ አይደለም። በእነዚህ ከተሞች ብዙው ቤት የባለጸጎች የዕረፍት ቤት ነው፤ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ተዘግቶ ይቆያል፤ ሌላውም ለጎብኚ በአዳር ሒሳብ ይከራያል። ለአንድ ሌሊት ብዙ የሚከፍል እንግዳ እያለ ለአምስት ወር ጥቂት ለሚከፍል ሠራተኛ የሚያከራይ ባለቤት ማን ነው? ስለዚህ ሠራተኛው ኩባንያው በሚያዘጋጀው የጋራ መኖሪያ ክፍል ተጋርቶ ያድራል፤ ወይም ሸለቆ ወርዶ ከሩቅ ከተማ ይመላለሳል፤ መኪናው ውስጥ የሚያድርም አለ። የቬይል ከተማ አስተዳደር እ.አ.አ ከ2017 ጀምሮ አንድ ብልሃት ሞክሯል። ለቤት ባለቤቶች ገንዘብ ይከፍልና፣ ቤቱ ወደፊት በአካባቢው በሚሠራ ሰው ብቻ እንዲኖርበት በባለቤትነት ሰነዱ ላይ ግዴታ ያስጽፋል። በዚህ ጸሐፊ እይታ ከደመወዝ ጭማሪው ይልቅ ወደ ችግሩ ሥር የቀረበው ይህ እርምጃ ነው። ደመወዝ ሲጨምር ኪራይ ይከተለዋልና፤ እንዲህ የታሰረ ቤት ግን በጎብኚው ገንዘብ አይወሰድም።

ሪዞርቶቹ የሠራተኛ እጥረታቸውን የሚሞሉት በከፊል ከውጭ አገር ነው። ከደቡብ አሜሪካ የሚመጡ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጄ-1 በሚባለው ቪዛ እስከ አራት ወር ይሠራሉ፤ የእነርሱ የዕረፍት ጊዜ ከዲሴምበር እስከ ማርች በመሆኑ ከበረዶው ወቅት ጋር ይገጥማል። እ.አ.አ በ2020 በፕሬዚዳንታዊ ትእዛዝ ይህ በር ሲዘጋ ሪዞርቶቹ ክፉኛ ተቸግረው ነበር። ቪዛው የሚሰጠው ትምህርት ላይ ላለ ተማሪ ብቻ ነው። ስለዚህ ትምህርቱን ላልጀመረ ወይም ላቋረጠ ወጣት «በበረዶ ሪዞርት ሥራ አለ፤ ቪዛውን እኔ አስጨርሳለሁ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ደላላ ቢመጣ፣ ቃሉን ለማመን መቸኮል አይገባም። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት በኮሎራዶ ዴንቨርና ኦሮራ ዘመድ ያለው ሰው ደግሞ እንዲህ ያለውን ሥራ ሲያስብ ከሰዓት ክፍያው በፊት የማደሪያውን፣ ከማደሪያውም ጋር በሳምንት የተረጋገጠውን የሥራ ሰዓት ብዛት ቢጠይቅ ይጠቀማል።

አሁን ወደ አድማው እንመለስ። የነፍስ አድን ሠራተኞቹ የጠየቁት መነሻ ክፍያቸው ከ21 ወደ 23 ዶላር ከፍ እንዲል፣ የቆዩትም በልምዳቸው ልክ እንዲከፈላቸው ነበር። ኩባንያው ከሌሎች ተራሮቹ ሰዎች አምጥቶ ክፍተቱን ለመሙላት ሞከረ፤ አልሞላም። አድማው በእኛ ገና ማግስት ታኅሣሥ 30 ቀን 2017 ዓ.ም ሲያበቃ መነሻው 23 ዶላር ሆነ፤ አማካይ ጭማሪውም በሰዓት 4 ዶላር ደረሰ።

ይህን ያስገኘው ምንድን ነው? በመተማና በሑመራ ሰሊጥ የሚያመርት ገበሬ መልሱን ያውቀዋል። ሰሊጥ ከደረሰ በኋላ ቀን አይሰጥም፤ ካልታጨደ ፍሬው ተራግፎ መሬት ላይ ይቀራል። ስለዚህ በዚያች አጭር ጊዜ የአጫጁ የቀን ዋጋ ይንራል፤ ሳምንቱ ሲያልፍ ደግሞ ያው ሠራተኛ በዝቅተኛ ዋጋም ሥራ ላያገኝ ይችላል። የሪዞርቱም ገበያ እንዲሁ በጥቂት ቀናት ውስጥ ተጨምቋል፤ አድማ መቺዎቹም ቀኑን አውቀው መረጡ።

ነገር ግን ቀን መምረጥ ብቻውን አይበቃም። የነፍስ አድን ሠራተኛው የበረዶ ናዳን በፈንጂ አስቀድሞ ማውረድ፣ የተሰበረን ሰው ከገደል ማውጣት የሠለጠነ ነው፤ ሌላ ሰው በሳምንት ውስጥ አይተካውም። የሊፍት መካኒኩም እንዲሁ ነው፤ በፓርክ ሲቲና በኮሎራዶዋ ክሬስትድ ቢዩት የሊፍት መካኒኮች የሠራተኛ ማኅበር ማቋቋማቸውም ከዚህ ጋር ይያያዛል። ኦፕሬተሩ ግን በጥቂት ቀን ሥልጠና ይተካል፤ በየዓመቱም አዲስ ሰው ነው። ማኅበር ለማቋቋም የሚፈጀው ጊዜ ከእርሱ የሥራ ዘመን ሊረዝም ይችላል። ያለ እርሱ አንድም ወንበር ሰው ይዞ አይነሣም፤ ሆኖም ኃይሉን የሚሰበስብበት ጊዜ የለውም። በመሆኑም ኑሮው የሚሻሻለው አንድም ሌሎች ታግለው ባገኙት ጭማሪ ጥላ ሥር፣ አንድም እንደ 2022ቱ ኩባንያው ሰው ሲያጣ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ በረዶው ራሱ እርግጠኛ አይደለም። እ.አ.አ በ2023 ኔቸር ክላይሜት ቼንጅ በተሰኘው የሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት 2,234 የአውሮፓ የበረዶ ሸርተቴ ሪዞርቶችን መርምሯል። የዓለም ሙቀት በ2 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢጨምር፣ ሰው ሠራሽ በረዶ ካልታከለበት 53 በመቶው እጅግ ከፍተኛ የበረዶ እጥረት ስጋት ይገጥማቸዋል ይላል። ጭማሪው 4 ዲግሪ ከሆነ ቁጥሩ 98 በመቶ ይደርሳል። ሰው ሠራሽ በረዶ ውኃና ኤሌክትሪክ ይፈልጋል፤ ለዚህ አቅም ያላቸው ትልልቆቹ ናቸው። ዝናብ ዘግይቶ የገባበት ገበሬ የሚያውቀው ጭንቀት እዚያም አለ፦ ወቅቱ በሁለት ሳምንት ቢያጥር ትልቁ ኩባንያ አስቀድሞ በሸጠው የዓመት ትኬት ይቋቋመዋል፤ ኦፕሬተሩ ግን የሁለት ሳምንት ደመወዙን ያጣል።

በፓርክ ሲቲ ከነፍስ አድን ሠራተኞቹ ጋር የተፈረመው ስምምነት የሚጸናው እ.አ.አ እስከ ኤፕሪል 2027 ነው። የሊፍት ኦፕሬተሮቹ ቅጥር ግን እንደ ወትሮው በረዶው ሲቀልጥ ያበቃል።