ማሳ ላይ የተኛው ውሃና የፎገራ ዩሪያ

ክረምት በገባ ጊዜ ከወረታ ከተማ እስከ ጣና ዳር በተዘረጋው የፎገራ ሜዳ ላይ ውሃ ይተኛል። ርብና ጉማራ ከደጋው ጠርገው የሚያመጡት ጎርፍ በሜዳው ይሰፋል፤ ጥቁሩ ዋልካ አፈርም አንዴ ከጠገበ በኋላ ውሃውን ወደ ታች በቀላሉ አያሳልፍም። ቀድሞ የፎገራ ከብት ይሰማራበት የነበረው ይህ መሬት፣ በደርግ ዘመን በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ በደራ ጅግናና በፎገራ ሻጋ የገበሬዎች አምራች ማኅበራት ሩዝ ከተሞከረ ወዲህ መልኩን ለውጧል። ዛሬ ገበሬው በተኛው ውሃ ላይ ዩሪያ ይበትናል። የተበተነው ዩሪያ የት እንደ ደረሰ ሲጠየቅ ግን መልሱ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈለገው ከአፈሩና ከምርቱ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ውሃ እንደ መተላለፊያ ብቻ ይታያል። ይህ አመለካከት መታረም ይገባዋል። በዚያ ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ገበሬው ለማዳበሪያ ያወጣው ገንዘብ በንኖ ይጠፋ እንደ ሆነ ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ ነውና።

ጉዳዩ ለሩዝ ተመራማሪ ብቻ የተተወ አይደለም። በመስተዋት ገንዳ ውስጥ ዓሣና የውሃ ውስጥ ዕፅዋት የሚያሳድጉ ሰዎችም በየዕለቱ ይጋፈጡታል። ጋዝ በውሃ ውስጥ የሚሰራጨው በአየር ውስጥ ከሚሰራጭበት ፍጥነት 10,000 ጊዜ ያህል በዘገየ ፍጥነት ነው። ስለዚህ ብርሃን በበረታበት ገንዳ ዕፅዋቱ በዙሪያቸው ያለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ፈጥነው ይጨርሳሉ፤ ከላይ ያለው አየርም ቶሎ አይተካላቸውም። ባለገንዳዎቹ ጋዙን ከሲሊንደር፣ አቅም ያጠራቸውም ስኳርና እርሾ ከተቀላቀለበት ጠርሙስ ያስገባሉ፤ ጠጅ ሲፈላ የሚያስነሣው ጋዝ ያው ነው። ብልሃቱ ሁሉ አረፋውን ማሳነስና በውሃው ውስጥ እንዲቆይ ማድረግ ነው። አረፋው ባነሰ መጠን ጋዙ ውሃውን የሚነካበት ገጽ ይሰፋል፤ ትልቅ አረፋ ግን ሳይሟሟ ሽቅብ ወጥቶ ይፈነዳል። የውሃውን ገጽ አብዝቶ ማናወጥም ከአየሩ ሚዛን በላይ የተሟሟውን ጋዝ ያስመልጣል። ብዙዎቹ በሊትር እስከ 30 ሚሊ ግራም ያህል እንዲኖር ይሻሉ።

የፎገራ ማሳ ሲሊንደር የለውም። ከአየር ጋር ብቻ ሚዛን የያዘ ውሃ በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀትና በባሕር ጠለል ግፊት በሊትር 0.6 ሚሊ ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይይዛል። የወረታ ከፍታ 1,800 ሜትር ገደማ በመሆኑ የአየሩ ግፊት በአንድ አምስተኛ ያህል ይቀንሳል፤ መጠኑም ወደ 0.5 ይወርዳል። በርግጥ ከበሰበሰ ገለባና ከአፈር ውስጥ ነፍሳት እስትንፋስ የሚወጣው ጋዝ ከታች ይጨመርበታል፤ ሌሊት መጠኑ ከፍ የሚለውም በዚህ ነው። የሩዙ ቅጠል ከውሃው በላይ ከወጣ በኋላ ካርቦኑን ከአየር ስለሚወስድ እጥረቱ አይነካውም። በውሃው ውስጥ የሚኖረው ዋቅላሚ ግን ከዚያችው ጥቂት ክምችት ይቀዳል።

ፀሐይ ስትበረታ ዋቅላሚው በብርሃን አስተፃምሮ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ይመጥጣል። ጋዙ ባለቀ ቁጥር የውሃው አሲድነት ይቀንሳል፤ ማለዳ በ7 አካባቢ የነበረው ፒኤችም ከቀትር በኋላ ከ9 ሊያልፍ ይችላል። ዩሪያው የሚገባው እዚህ ውስጥ ነው። ዩሪያ በዩሪኤዝ ኢንዛይም ሲፈርስ አሞኒየምና ካርቦኔት ይሰጣል። አሞኒየም በውሃው ውስጥ ይቆያል፤ አሞኒያ ግን ጋዝ ሆኖ ይበንናል። የሁለቱን ድርሻ በዋናነት የሚወስነው ፒኤች ነው። በ25 ዲግሪ ሙቀት፣ በፒኤች 7 የአሞኒያው ድርሻ 1 በመቶ እንኳ አይሞላም፤ በ8 ወደ 5፣ በ9 ወደ 36፣ በ10 ደግሞ ወደ 85 በመቶ ይደርሳል። አሞኒያ ሲያመልጥ አሲድነትን ትቶ ስለሚሄድ ነገሩ በራሱ ጊዜ መገታት ነበረበት፤ ዳሩ ግን ከዩሪያው የተገኘው ካርቦኔት ያንን አሲድነት ያመክነዋል። ዩሪያ የሚባክንበትን ሁኔታ ራሱ ይዞ ይመጣል ቢባል ማጋነን አይሆንም። በእስያ የሩዝ ማሳዎች የተደረጉ ጥናቶች በውሃ ላይ ከተበተነ ዩሪያ ናይትሮጅን ግማሽ ያህሉ በዚህ መንገድ ሊጠፋ እንደሚችል አሳይተዋል። አንድ ኩንታል ዩሪያ 46 ኪሎ ግራም ናይትሮጅን ይዟል። ግማሹ በነነ ማለት ገበሬው ከከፈለበት ኩንታል ግማሹን ለነፋስ ሰጠ ማለት ነው።

በዚህ ላይ ሚዛን የሚደፋ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ፎገራ ፊሊፒንስ ወይም ባንግላዴሽ አይደለም። ሐምሌና ነሐሴ ሰማዩ ደመናማ ነው። የርብና የጉማራ ጎርፍ ደለል ስለሚሸከም ውሃው ይደፈርሳል፤ ብርሃን የማያገኝ ዋቅላሚም ካርቦን ዳይኦክሳይድ አይጨርስም። በዚህ ስሌት የፎገራ ብክነት ከእስያው ያነሰ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በክትር ታግዶ የቆመ ውሃ ደለሉ ይረጋለታል፤ መስከረም ሲጠባም ሰማዩ ይጠራል። ያን ጊዜ የተበተነ ዩሪያና በሐምሌ ድፍርስ ውሃ ላይ የተበተነ ዩሪያ ዕጣቸው አንድ ነው ብሎ መገመት አይቻልም። የሐይቁ ልኬትም ማሳውን አይወክልም። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ የጣናን ዳርቻ ያስጨነቀው እምቦጭ ካርቦኑን ከአየር ወስዶ ከሥሩ ያለውን ውሃ ያጨልማል፤ እዚያ የሚያልቀው ኦክስጅን ነው፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይከማቻል። ፀሐይ በሚያየው ማሳ ውስጥ በቀን የሚሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው። ስለዚህ ተቃውሞው ልኬቱን አያስቀርም፤ ይልቁንም ከእስያ ቁጥር መዋስ እንደማይበቃ ያስረዳል።

ልኬቱ የሚበላሽበት መንገድ ደግሞ ቀላል ነው። መኪናው ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ማሳ ይደርሳል፤ ውሃው በፕላስቲክ ጠርሙስ ይቀዳል፤ ፒኤቹ በማግሥቱ በቤተ ሙከራ ይነበባል። ረፋድ ላይ ዋቅላሚው ሥራውን ገና አላጋመሰም። በጠርሙሱ ጨለማ ውስጥም እስትንፋሱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየጨመረ ያድራል፤ ከላይ ክፍት ቦታ ከተተወ ከአየሩ ጋርም ጋዝ ይለዋወጣል። በማግሥቱ የሚነበበው ቁጥር የጠርሙሱ እንጂ የማሳው አይሆንም። ፒኤችና ሙቀት እዚያው ማሳው ላይ ቆሞ፣ ቢያንስ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ማለዳ 12 ሰዓትና ከቀኑ 8 ሰዓት መነበብ አለባቸው። ከእነርሱ ጋር የውሃው አልካሊነት ከታወቀ የካርቦን ዳይኦክሳይዱን መጠን በስሌት ማግኘት ይቻላል።

የመሣሪያ እጥረት ሁልጊዜ በቂ ምክንያት አይሆንም። ባለገንዳዎቹ የሚጠቀሙባት ትንሽ የመስተዋት ጽዋ እዚህም ልትረዳ ትችላለች። በጽዋዋ ውስጥ አልካሊነቱ የታወቀ ውሃና ብሮሞታይሞል ሰማያዊ ይጨመራል፤ በእርሱና በገንዳው ውሃ መካከል አየር ስላለ የሚያልፈው ጋዝ ብቻ ነው። በተለመደው ቅመራ አረንጓዴው ቀለም በሊትር 30 ሚሊ ግራም ያህል ያመለክታል፤ የቅመራው አልካሊነት አሥር ጊዜ ቢቀጥን ያው አረንጓዴ 3 ሚሊ ግራም ያህል ያመለክታል፤ ከዚያ በታች ቀለሙ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። ጽዋዋ ዘገምተኛ ናት፤ ቀለሟ እስኪለወጥ ሰዓታት ልትወስድ ትችላለች። ለትክክለኛ ቁጥርም አትበቃም። ሆኖም የትኛው ማሳ በቀን ካርቦን ዳይኦክሳይዱን እንደሚጨርስና የትኛው እንደማይጨርስ ለመለየት ትጠቅማለች፤ ፒኤች ሜትሩን የት መትከል እንደሚሻልም ታሳያለች።

ዩሪያን በጠጠር መልክ ከ7 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ጭቃ ውስጥ መቅበር በባንግላዴሽ በስፋት የተሠራበት መፍትሔ ነው፤ አሞኒየሙ ዋቅላሚው ከሚሠራበት ውሃ ይርቃልና። ለፎገራ ገበሬ ግን ተጨማሪ ጉልበት ነው፤ እርጥብ ዋልካ ውስጥ ጎንበስ ብሎ መቅበር ቀላል ሥራ አይደለም። ብክነቱ በዚህ ሜዳ ምን ያህል እንደ ሆነ ሳይታወቅ ያንን ድካም መጠየቅ ፍትሐዊ አይሆንም፤ ሳይለኩ የለም ብሎ ዝም ማለትም እንዲሁ። በወረታ የሚገኘው ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ከሙከራው ማሳ ብዙም አይርቅም፤ ባሕር ዳር፣ ጎንደርና ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲዎችም በቅርብ ናቸው። አንድ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ዩሪያ ከተበተነበት ዕለት አንሥቶ ለአሥር ቀን፣ አንድ ጊዜ በሐምሌ ድፍርስ ውሃ፣ አንድ ጊዜ በመስከረም ፀሐይ፣ ማለዳና ከቀትር በኋላ ማሳው ዳር ቢገኝ የመጀመሪያው ቁጥር ይገኛል።