"ቀስ በል" የምትለው ቃል የት ገባች?

የከተማ አስተዳደሮቻችን ስለ ተሽከርካሪ አጥብቀው የሚያውቋቸው ቃላት ሁለት ናቸው፤ "ዝጋ" እና "ልቀቅ"፡፡ በመሀላቸው ያለችው "ቀስ በል" የምትባል ቃል ከመዝገበ ቃላታቸው የጠፋች ትመስላለች፡፡

ነገሩን ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻም፡፡ አዲስ አበባ ሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ከተፈቀደላቸው በስተቀር ሞተር ብስክሌቶችን አገደች፡፡ በየካቲት 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ ተራው የባጃጅ ሆነ፤ ብዙም ሳይቆይ በውስጥ ለውስጥ መንገድ ብቻ እንዲሠራ ተፈቀደለት፡፡ በመሀሉ የስንቱ እንጀራ እንደቆመ አስቡት፡፡ ሽንኩርቷን በባጃጅ የምታስጭነው እናትም ሆነች ሾፌሩ፣ ውሳኔውን የሰሙት እንደማናችንም ከዜና ነው፡፡

"ይኼ የዋና ከተማ ጣጣ ነው፣ እኛን ምን አገባን?" የምትሉ ካላችሁ ወደ ወገል ጤና ልውሰዳችሁ፡፡ ደላንታ ላይ ያለችው ይህች ከተማ በ2000 ዓ.ም. ኦፓል ከተገኘባት ወዲህ ስሟ በውጭ አገር ሳይቀር ይጠራል፡፡ የመንገድ ታሪኳ ግን ከኦፓሉ ይቀድማል፡፡ አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ፣ የጅጣንና የበሽሎን ገደል እየናዱ መንገድ ያወጡት በዚሁ በዋድላ ደላንታ በኩል ነበር፡፡ ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ እያነሱ የሠሩት ያ መንገድ ግን ወራት ሳይቆይ የናፒየርን ጦር ወደ መቅደላ አሳለፈ፡፡ መንገድ እንዲህ ነው፤ ማን እንደሠራው አያይም፣ የመጣውን ሁሉ ያሳልፋል፡፡ ስለዚህ በላዩ ማን፣ እንዴት ይለፍ የሚለውን የሚወስን ሰው ያስፈልገዋል፡፡

የደጋ ከተሞቻችን ከመንገዱ ጋር የተወለዱ ናቸው፡፡ መንገዱ መናኸሪያ ነው፣ ገበያ ነው፣ የልጆች የኳስ ሜዳም ነው፡፡ ጋሸናን ያየ የምለው ይገባዋል፤ ከወልድያ ወደ ወረታ የሚበረው መኪና፣ ወደ ላሊበላ የሚታጠፈው፣ አህያ የሚነዳው ገበሬ ሁሉ አንድ ቦታ ይገናኛሉ፡፡ እንዲህ ባለ ቦታ አንድ ልጅ ሲገጭ ምን ይሆናል? መንደርተኛው ተሰብስቦ መንገዱ ላይ ድንጋይና አፈር ይቆልላል፡፡ ሾፌሩ ይራገማል፡፡ ማዘጋጃ ቤት መጥቶ ያነሳል፡፡ እስከሚቀጥለው ልጅ ድረስ…

እስቲ ሒሳቡን እንሥራ፡፡ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ ወደ 17 ሜትር ይጓዛል፡፡ በ30 የሚሄደው 8 ሜትር ያህል ብቻ፡፡ ሾፌሩ ደንግጦ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያደርስ ያለው ልዩነት ይኼ ነው፡፡ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ደግሞ የግጭቱ ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል፡፡ ልጅ ደግሞ ያው ልጅ ነው፣ አጥንቱ እጥፍ አይሆንም፡፡

"ይኼ የሀብታም አገር ቅንጦት ነው" የሚል ካለ ጋናን ይይ፡፡ ከአክራ ወደ ኩማሲ በሚወስደው አውራ ጎዳና ሱሁም የምትባል መገንጠያ አለች፤ በአደጋዋ የታወቀች፡፡ እ.ኤ.አ. በ2000 እና 2001 አካባቢ አስፋልቱ ላይ መኪናን የሚያንገጫግጩ ዝቅተኛ እርከኖች ተነጠፉባት፡፡ አደጋው በ35 በመቶ፣ ሟቾች በ55 በመቶ ቀነሱ፡፡ ካሜራ የለ፣ የተራቀቀ ቴክኖሎጂ የለ!

የሾፌሮቹንም ተቃውሞ በቅንነት እንስማ፡፡ ቀለም ያልተቀባ ብሬከር በሌሊት ወጥመድ ነው፡፡ ባሌስትራ ይሰብራል፡፡ ምጥ የያዛትን እናት የጫነ አምቡላንስን ያዘገያል፡፡ እውነታቸውን ነው! ግን ይህ ሁሉ "አትሥሩ" አይልም፤ "በወጉ ሥሩ" ነው የሚለው፡፡ ቅድሚያ ምልክት ይተከል፣ ቀለም ይቀባ፣ ከፍታው ይለካ፡፡ ሰፊ ጎማ ላለው መኪና ክፍተት የሚተው የብሬከር ዓይነትም አለ፤ አምቡላንሱ እያለፈ ትንሿ መኪና ግን ትቀዘቅዛለች፡፡

ዋናው ጥያቄ ግን ማን ይወስን የሚለው ነው፡፡ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 43 ንዑስ አንቀጽ 2 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከት ፖሊሲና ፕሮጀክት ላይ ሐሳብ እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት ሰጥቷል፡፡ የነዋሪ ተቃውሞ ሁሉ ደግሞ ፀረ ልማት አይደለም፡፡ ላሊበላን አስታውሱ፡፡ በ2000 ዓ.ም. ገደማ በአብያተ ክርስቲያናቱ ላይ የተተከለው መጠለያ ራሱ አደጋ ሊሆን ይችላል ብለው ነዋሪዎቹ በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ሰልፍ ወጡ፡፡ በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ማክሮን ላሊበላ ድረስ መጥተው የአገራቸውን ድጋፍ ቃል ገቡ፡፡ ከአጠገቡ የሚኖር ሰው ከቢሮ የማይታየውን ያያል፡፡

"ጥይት በሚጮህበት አገር ስለ ብሬከር ታወራለህ?" የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ፡፡ እውነት ነው፤ ከ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ጦርነት ጋሸናንና ላሊበላን ሲያመላልሳቸው አይተናል፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህም በክልሉ ግጭት መንገድ ሲዘጋና ሲከፈት ከርሟል፡፡ ግን መንገዱ በተከፈተ ቁጥር መኪናው በፍጥነት ይመጣል፡፡ ከጥይት የተረፈ ልጅ በሚኒባስ ቢሞት ለእናቱ ልዩነቱ ምንድን ነው?

ስለዚህ የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው፡፡ ቀበሌው ነዋሪውን፣ ሾፌሩንና የትምህርት ቤቱን መምህር አንድ ቀን መንገዱ ዳር ያቁማቸው፡፡ ልጆች የሚሻገሩበትን ቦታ ራሳቸው በጣታቸው ያሳዩ፡፡ እዚያው ላይ ቀለም ይቀባ፣ ብሬከሩ ይሠራ፣ ከስድስት ወር በኋላ ተመልሰው ይዩት፤ ካልሠራ ይነሳ፡፡ ይህን ለማድረግ የጎደለን ገንዘብ አይመስለኝም፤ የመጠየቅ ልማድ ነው፡፡