የአስም መድኃኒትና የበለዘ ክንድ

አስም ያለበት ሰው በአፉ የሚስበውን መድኃኒት ለብዙ ዓመት ሲወስድ ከቈየ በኋላ፤ አንድ ቀን ክንዱን ቢመለከት መቼ እንደ ተመታ የማያስታውሰው ደም የቋጠረ ቦታ ያገኝ ይሆናል። እምብዛም አያመውም፤ ነገር ግን ያስደነግጠዋል። «ይህ ከምን መጣ? መድኃኒቱንስ ልተወው ወይስ ልቀጥል?» ብሎ ቢጠይቅ ተገቢ ነው። የዛሬው ጽሑፋችን ይህንኑ ጥያቄ ይመለከታል።

በመጀመሪያ ሁለቱን የመድኃኒት ዓይነቶች ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። ብዙውን ጊዜ በሰማያዊ ዕቃ የሚሸጠው ሳልቡታሞል የጠበበውን የአየር ቧንቧ ቶሎ የሚከፍት ነው እንጂ ስቴሮይድ አይደለም፤ ቆዳንም አያሳሳም። ቤክሎሜታዞንና ቡዴሶናይድ ግን ስቴሮይዶች ናቸው። በየቀኑ ሲወሰዱ የቧንቧውን መቈጣት ያበርዳሉ፤ ሕመሙም እንዳይነሣ ይከላከላሉ።

ከስቴሮይዶች አንዱ የሆነው ኮርቲዞን በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1948 በአሜሪካ አገር በማዮ ክሊኒክ ለቍርጥማት በሽተኛ ተሰጥቶ ዓለምን አስደነቀ። ኬንዳል፣ ሄንችና ራይክስታይን የተባሉት ሊቃውንትም ስለዚህ ሥራ በ1950 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ነገር ግን ክኒኑ ለረጅም ጊዜ የተወሰደ እንደ ሆነ ፊትን ያሳብጣል፤ አጥንትን ያደክማል፤ ቆዳንም ያሳሳል። መድኃኒቱን በቀጥታ ወደ ሳንባ መላክ የታሰበው ከዚህ ጉዳት ለማምለጥ ነው። በ1972 በእንግሊዝ አገር በአፍ የሚሳብ ቤክሎሜታዞን ሲቀርብ፤ መጠኑ የሚለካው በማይክሮግራም፣ ማለት በሚሊግራም ሺኛ እጅ ሆነ።

ይሁን እንጂ የተሳበው ሁሉ ሳንባ አይደርስም። ብዙው በአፍና በጕሮሮ ቀርቶ ይዋጣል፤ ሳንባ የደረሰውም ጥቂት በጥቂት ወደ ደም ይገባል። መጠኑ አነስተኛ ሲሆን ይህ እምብዛም አያሠጋም። በከፍተኛ መጠን፣ ለምሳሌ ከተለመደው ቤክሎሜታዞን በቀን ከ1000 ማይክሮግራም በላይ፣ ለዓመታት ሲወሰድ ግን ቆዳን አጥብቆ የሚይዘው ኮላጂን የተባለው ክር እንደ ልማዱ አይሠራም። ቆዳው ይሳሳል፤ በውስጡ ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮችም ድጋፍ ያጣሉ። ያን ጊዜ የጠረጴዛ ጠርዝ ቢነካቸው እንኳ ይበጠሳሉ፤ ደሙም ከቆዳ ሥር ይፈሳል። ይህ የሚበዛው በክንድና በእጅ ጀርባ ላይ ነው። ከወጣቶች ይልቅ በዕድሜ የገፉትን ስለሚያገኝ፤ ወጣት አንባቢዎቻችን ከራሳቸው ክንድ ይልቅ በአባታቸው ወይም በእናታቸው ክንድ ላይ ሊያዩት ይችላሉ።

ትልቁ ስሕተት የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። ቆዳን ለማዳን ብሎ መድኃኒቱን በድንገት መጣል፤ «ልትኳል ስትል ዐይኗን አጠፋች» እንደሚባለው ነው። የበለዘ ክንድ አይገድልም፤ በአግባቡ ያልታከመ አስም ግን ይገድላል። ከዚህም በላይ ከፍተኛውን መጠን ለረጅም ጊዜ በወሰደ ሰው ላይ፤ ከኩላሊት በላይ ያለው ዕጢ የራሱን ኮርቲዞል መሥራት ሊቀንስ ስለሚችል፤ በድንገት ማቆም ለከባድ ድካምና ለአደጋ ያጋልጣል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ሕመሙ ለሦስት ወር ያህል ጸጥ ብሎ እንደ ሆነ፤ ሐኪሙ መጠኑን ቀስ በቀስ ሊቀንሰው ይችላል። ስፔሰር የተባለውን ባዶ ቱቦ በመድኃኒቱና በአፍ መካከል አድርጎ መሳብ በጕሮሮ የሚቀረውን ያሳንሳል። ከሳቡ በኋላ በውሃ ተጕመጥምጦ መትፋት የሚዋጠውን ይቀንሳል፤ አፍንም ከነጭ ሽፋን ይጠብቃል። ፊትን ለማቅላት ከሚሸጡት ቅባቶች አንዳንዶቹ ስቴሮይድ ስላለባቸው፤ በቆዳ ላይ ሌላ ጫና ይጨምራሉና ከእነርሱ መራቅ ይገባል።

ደም መቋጠሩ በሰውነት ሁሉ የታየ እንደ ሆነ ወይም ድድ የሚደማ ከሆነ፤ ጥፋቱን በአስም መድኃኒት ላይ ጥሎ መቀመጥ አይገባም። አስፒሪንና ዋርፋሪንም ደምን ያቀጥናሉ፤ የደም በሽታም ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ፈጥኖ መመርመር ይሻላል።

ወደ ሐኪም የሚሄድ ሰው የሚስበውን ዕቃ ይዞ ይሂድ፤ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚስብና ከስንት ዓመት ጀምሮ እንደ ሆነም በትክክል ይንገር። ሐኪሙ መጠኑን ለማስተካከል አስቀድሞ ማወቅ የሚፈልገው ይህን ነው።