ለጥርስ ሐኪሙ ያልነገርነው ነገር

በዛሬው ዓምዳችን በብዙ ቤት የሚታወቅ፣ በአደባባይ ግን የማይነገር አንድ ጉዳይ እናነሣለን። ይኸውም ኤ.ዲ.ኤች.ዲ. የሚባለው፣ ትኩረትን የማሰባሰብና ረግቶ የመቀመጥ ችግር ያለባቸው ልጆችና አዋቂዎች ያለ ፍዳ እንዴት ጥርሳቸውን ሊታከሙ ይችላሉ የሚለው ነው።

ጉዳዩ የጥቂት ሰዎች ብቻ እንዳይመስላችሁ። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል፣ ሲ.ዲ.ሲ.፣ ባወጣው አኃዝ መሠረት እ.ኤ.አ. በ2022 ዕድሜያቸው ከ3 እስከ 17 ዓመት ከሆኑት የአገሪቱ ልጆች 7 ሚሊዮን ያህሉ፣ ማለትም ከመቶ 11 የሚበልጡት፣ ይህ ችግር እንዳለባቸው ተነግሯቸው ያውቃል። በእኛ ዘንድ ግን እንዲህ ያለው ልጅ «ቅብጥብጥ»፣ «አልታዘዝ ባይ»፣ «አሜሪካ ያበላሸው» ይባላል። እናቱም «ሥርዓት ሳታስተምረው» ተብላ ትታማለች። ነገሩ ከአንጎል አሠራር ጋር የተያያዘና ብዙ ጊዜም በዘር የሚወረስ እንጂ የቅብጠት ውጤት አይደለም።

እስቲ የጥርስ ሐኪሙን ወንበር አስቡት። በጀርባ ተንጋሎ አለመንቀሳቀስ፣ ዓይን ላይ የሚያበራ መብራት፣ የመቦርቦሪያው ጩኸት፣ አፍ ውስጥ የባዕድ ሰው እጅ፣ እስኪያልቅ ድረስም ከመጠበቅ በስተቀር የሚሠሩት ነገር አለመኖር። ለማንኛችንም የማይመች ነው፤ ለእነዚህ ልጆች ግን እጥፍ ድርብ ይከብዳል። በዚያ ላይ ጥርስ መቦረሽ ይረሳል፣ ቢጀመርም በግማሽ ይተዋል። እንደ ሪታሊንና አደሮል ያሉት መድኃኒቶች ደግሞ አፍ ያደርቃሉ። ጥርስን ከመበስበስ የሚጠብቀው ምራቅ ስለሆነ፣ የደረቀ አፍ ላይ ከረሜላና ጣፋጭ መጠጥ ሲጨመር ጥርሱ ቶሎ ይበላል።

ታዲያ ምን ይደረግ? አንደኛው ነገር መናገር ነው። ክሊኒክ ስንገባ የሚሰጠን ቅጽ ላይ «የሚወስደው መድኃኒት አለ ወይ?» የሚል ጥያቄ ይገኛል። ብዙዎቻችን «ስሙ ይጠፋበታል» ብለን «የለም» እንላለን። ይህ አደገኛ ነው። የተጠቀሱት መድኃኒቶች የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ሊያደርጉ ይችላሉ። ጥርስ ለማደንዘዝ በሚወጋው መርፌ ውስጥም ብዙ ጊዜ ኤፒነፍሪን የሚባል፣ ልብን የሚያፈጥን ንጥረ ነገር ይገኛል። ሐኪሙ አስቀድሞ ካወቀ መጠኑን ይመጥናል፣ ግፊቱንም ይለካል። ካላወቀ ግን በምን ይጠንቀቅ? አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ያሉት ለዚህ ነው። መድኃኒቱንም ያዘዘው ሐኪም ሳይፈቅድ ለቀጠሮው ብላችሁ አታቋርጡ።

ቀጠሮ ለመያዝ ስትደውሉም እንዲሁ ተናገሩ። ልጁ ያልደከመበትንና መድኃኒቱ የሚሠራበትን ሰዓት ምረጡ፤ ለብዙዎች ይህ ጠዋት ነው። የዕለቱ የመጀመሪያ ቀጠሮ ከተገኘ መጠበቂያ ክፍል ውስጥ የሚባክነው ጊዜ ያጥራል። ብዙ ሥራ ካለም በአንድ ቀን ከሚጨረስ በሁለት በሦስት አጫጭር ቀጠሮ ይከፈልልን በሉ። ቢቻል የልጆች ጥርስ ሐኪም ፈልጉ። እነዚህ ሐኪሞች ከመደበኛው ትምህርት በኋላ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ተጨማሪ ሥልጠና የወሰዱ ናቸው። አሠራራቸውም መጀመሪያ መንገር፣ ቀጥሎ ማሳየት፣ በመጨረሻ መሥራት ነው። ልጁ በጆሮ ማዳመጫ ሙዚቃ ቢሰማ፣ ለመብራቱ ጥቁር መነጽር ቢያደርግ፣ በእጁ የሚጨምቀው ኳስ ቢይዝ፣ «እጄን ካነሣሁ አቁሙልኝ» የሚል ስምምነት ቢኖረው እጅግ ይረዳዋል።

ከቤት ስትወጡ ደግሞ «ዝም ካላልክ ሐኪሙ ይወጋሃል» የምትለዋን ማስፈራሪያ እዚያው ተዉአት። «ምንም አያምህም» ማለትም አይበጅም፤ ካመመው ዳግመኛ አያምነንም። የሚሆነውን በቅደም ተከተል፣ በአጭሩ ንገሩት።

አንዳንድ ጊዜ ሐኪሙ ልጁን በሚተነፈስ ጋዝ ማረጋጋት፣ በማደንዘዣ ማስተኛት፣ ወይም እንዳይንቀሳቀስ በማሰሪያ መያዝ ያስፈልጋል ሊል ይችላል። ጋዙ በጥቂት ደቂቃ ከሰውነት የሚወጣ ነው፤ ሌሎቹ ግን ከበድ ያሉ ናቸው። ሳይገባችሁ አትፈርሙ። «ሌላ መንገድ የለም ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ፣ ሜዲኬይድን የመሰለ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ክሊኒክ አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ታላቅ እህቱን ከትምህርት ቤት አስቀርቶ አስተርጓሚ ማድረግ ለእርሷም ለእርሱም አይበጅም። ሜዲኬይድ ያላቸው ከ21 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች የጥርስ ሕክምና የማግኘት መብት እንዳላቸውም እወቁ።

አዋቂዎችንም አንርሳ። ቀጠሮ እየረሳ ቅጣት የሚከፍል፣ ጥርሱን ካልታመመ በቀር የማያስታውስ ወንድማችን ሁሉ ሰነፍ አይደለም። ለእርሱ የሚበጀው ከክሊኒኩ ሳይወጣ የሚቀጥለውን ቀጠሮ መያዝ፣ አንድ ቀን ቀደም ብለው እንዲደውሉለት መጠየቅና ስልኩ ላይ ማስታወሻ መሙላት ነው። በየቤቱም ጠዋትና ማታ ሁለት ሁለት ደቂቃ ፍሎራይድ ባለው ሳሙና መቦረሽ፣ ለልጁም የሁለት ደቂቃ ዘፈን መክፈት፣ በጣፋጭ መጠጥ ፈንታ ውኃ ማስለመድ ወጪ የማይጠይቅ መድኃኒት ነው። አገር ቤት መፋቂያ ይዘን ጠዋት በረንዳ ላይ ቆመን እናወራ የለ? እዚህም አብረን እንቦርሽ፤ ልጅ የሚማረው ከሚያየው ነው።

የልጅን ስም መጠበቅ መልካም ነው። ነገር ግን ሐኪም የሰማው ምስጢር ሐሜት አይደለም፤ እንዲጠብቀውም ሕግ ያስገድደዋል። የሚቀጥለውን ቅጽ ስትሞሉ ያቺን ባዶ ቦታ አትዝለሏት።