ለአሳታሚዬ፣ ከሰበታ

ይድረስ ለተከበሩ ጋሼ፣

ስምዎን ያልጠቀስኩት በአደባባይ መመስገን እንደማይወዱ ስለማውቅ ነው።

የመጀመሪያ መጽሐፌን በራሴ ገንዘብ ሳሳትም፣ አሳታሚ ማለት መሐል ገብቶ የሚበላ ደላላ ይመስለኝ ነበር። 1000 ቅጂ አሳተምኩና በማዳበሪያ እየከተትኩ ዞርኩ። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ከ2015 ወዲህ ሸገር ከተማ በሚል አንድ ስም ሥር ገብተዋል። መጽሐፍ ለተሸከመ ሰው ግን አንዱ በጅማ፣ አንዱ በአምቦ፣ አንዱ በጎጃም መንገድ ነው፤ ከሰበታ ሱሉልታ በታክሲ ለመድረስ አዲስ አበባን ማቋረጥ ግድ ነው። ረዳቱ ለማዳበሪያው የአንድ ሰው ሒሳብ ይጠይቃል። የጽሕፈት መሣሪያ ባለሱቆች «አስቀምጠው፣ ሲሸጥ ትመጣለህ» ይላሉ። አልሄድኩም፤ አልተሸጠማ።

ሁለተኛውን በቴሌግራም ምዕራፍ በምዕራፍ ለቀቅኩት። አንባቢ ጎረፈ፣ ቀይ ልብ ተደረደረልኝ። በዚያ ኩራት ነበር ቢሮዎ የመጣሁት። ከሦስት ሳምንት በኋላ ረቂቁን ሲመልሱልኝ በቀይ እስክሪብቶ ቆስሏል። የመጀመሪያዎቹ 11 ገጾች ከዳር እስከ ዳር ተሰርዘዋል። ባለታሪኬ ሱሉልታ ለመሄድ አስኮ ላይ ታክሲ ይሳፈራል፤ ከጎኑ «አስኮ የቡራዩ ነው፤ አዲሱ ገበያ ውሰደው» ብለው ጽፈዋል። ያ ሁሉ የቴሌግራም አንባቢ አላየውም፤ ወይ አይቶ ዝም ብሎኛል። ገጽ 40 ላይ ደግሞ «ይኼ አንተ ነህ ወይስ በዓሉ ግርማ?» የሚል ነበር። እሱ አሳመመኝ። ሳላውቀው በሰው ድምፅ ስናገር ከርሜያለሁ።

በዓሉን ካነሳን፣ ያን ቀን የተከራከርኩዎት ትዝ ይለኛል። ኩራዝ በ1975 ያሳተመውን ልቦለዱን «ኦሮማይ»ን መንግሥት ከገበያ ሲሰበስበው አንባቢ በድብቅ እየተቀባበለ አላነበበውም ወይ? ጥሩ መጽሐፍ ያለ አከፋፋይም ይሄዳል አልኩ። «የተቀባበሉት እኮ ታርሞና ተጠርዞ የወጣውን ነው» አሉኝና ቡናዎን ጠጡ።

ቅሬታ የለኝም አልልም። የመጀመሪያው ክፍያ ሁለት ወር ዘግይቶብኛል፤ የሽፋኑንም ቀለም እስከ ዛሬ አልወደድኩትም። ግን የወረቀት ዋጋ ጣራ በነካበት ሰዓት፣ ማንም በማያውቀው ሰው ላይ የራስዎን ገንዘብ አወጡ። ልቦቹን የላኩልኝ ሰዎች ያወጡት ካርድ ብቻ ነው።

ባለፈው ወር ለቅሶ ልደርስ ሱሉልታ ሄጄ፣ አንድ ጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ውስጥ ከደብተሮቹ አጠገብ መጽሐፌን አየሁት። እኔ አልተሸከምኩትም። ዋጋውን ስጠይቅ ሻጯ ልጅ ሳታውቀኝ «አሪፍ ነው፣ ይውሰዱት» አለችኝ። ገዛሁት።

ሦስተኛው አልቋል፤ ቴሌግራም ላይ አልለቀቅኩትም። ማክሰኞ ይዤልዎት እመጣለሁ። እስክሪብቶዎን ያዘጋጁ፤ ገጽ 112ን ግን አላስነካም።

አክባሪዎ