ሻማ አብርቶ ማለፍ አይበቃም፤ መምህር አሰፋ ማሩን እናስታውስ

ወገን፣ መምህር ሲሞት የምናደርገውን እናውቀዋለን። ፎቶውን እንለጥፋለን፣ ሻማ እንጨምርበታለን፣ «ነፍስ ይማር» ብለን እናልፋለን። በሦስተኛው ቀን ገጹ በሌላ ወሬ ይሞላል። ዛሬ ግን ከተገደሉ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ የሆናቸውን፣ ብዙዎቻችን ስማቸውን እንኳ ያልሰማነውን አንድ ሰው እናንሳ። መምህር አሰፋ ማሩ ይባላሉ።

ቀኑ ሐሙስ ሚያዝያ 30 ቀን 1989 ዓ.ም. ነው። መምህር አሰፋ አዲስ አበባ ውስጥ ወደ ቢሯቸው በእግር እየሄዱ ነበር። ፖሊሶች ደረሱባቸው፣ ተኮሱ፣ እዚያው መንገድ ላይ ገደሏቸው። መንግሥት በድብቅ ከሚንቀሳቀስ የታጠቀ ቡድን ጋር አያይዞ፣ አልያዝም በማለታቸው ተገደሉ አለ። የዓይን እማኞች ግን መሣሪያ እንዳልያዙና ሊያመልጡም እንዳልሞከሩ መናገራቸውን አምነስቲ ኢንተርናሽናልን የመሰሉ የመብት ድርጅቶች ጽፈዋል።

ለመሆኑ ማን ነበሩ? በሙያቸው መምህር ናቸው። ከኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር አመራሮች አንዱ ነበሩ። በዚያ ላይ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ጉባኤ (ኢሰመጉ) ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ አባል ነበሩ። ኢሰመጉ ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያምና ጓደኞቻቸው በ1984 ዓ.ም. ያቋቋሙት ድርጅት ነው። ማን ታሰረ፣ ማን ተገደለ፣ ማን ደብዛው ጠፋ እያለ ስም በስም ይመዘግብ ነበር። ለዓመታት የሠራው ራሱ ሕጋዊ ምዝገባ ተከልክሎ ነው። እንዲህ ያለ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው ሹመት ጠብቆ አይቀመጥም። የማያውቀው ሰው በደል ተረስቶ እንዳይቀር ብሎ ነው። በጎ ፈቃደኝነት ማለት እንግዲህ ይሄ ነው።

ማኅበሩም ቢሆን ዝም ብሎ መዋጮ የሚሰበስብ ማኅበር አልነበረም። በየካቲት 1966 ዓ.ም. የንጉሡ መንግሥት «ሴክተር ሪቪው» የተባለውን የትምህርት ዕቅድ ሲያመጣ የድሃ ልጅ ከታችኛው ክፍል እንዳያልፍ ያደርጋል ብለው አድማ የመቱት መምህራን ናቸው። አብዮቱን ካቀጣጠሉት እንቅስቃሴዎች አንዱ ይህ ነበር። ከ1983 ዓ.ም. በኋላም ማኅበሩ የትምህርት ፖሊሲው መምህሩ ሳይመክርበት መጣ፣ የደረጃ ዕድገት ከግምገማ ጋር ተሳሰረ ብሎ ተቃወመ። መልሱ ምን ሆነ? በዚያው ስም ሌላ ማኅበር ተቋቋመ። ፕሬዚዳንቱ ዶክተር ታዬ ወልደ ሰማያት በግንቦት 1988 ዓ.ም. ታሰሩና እስከ ግንቦት 1994 ዓ.ም. ድረስ ሳይፈቱ ቆዩ። መምህር አሰፋ የተገደሉት ዶክተር ታዬ ከታሰሩ ዓመት ሳይሞላ ነው። አለቃቸው ሲታሰር አደጋውን አላወቁም ማለት አይቻልም። አውቀው ነው ሥራቸውን የቀጠሉት።

የዓለም የሥራ ድርጅት ግድያው በገለልተኛ አካል እንዲጣራ ደጋግሞ ጠየቀ። ሰሚ አልተገኘም። ይባስ ብሎ በ2000 ዓ.ም. ማኅበሩ ስሙንና ንብረቱን ለሌላው ወገን እንዲያስረክብ በፍርድ ቤት ተወሰነበት። ሰውየውን በጥይት፣ ማኅበሩን በማኅተም ማለት ነው።

«ታዲያ ይህ ከእኛ ጋር ምን አገናኘው?» የምትል የሽንፋ፣ የመተማ፣ የቋራ ልጅ ትኖራለህ። ጥያቄህ ልክ ነው። እስቲ ያስተማረህን ሰው አስበው። ብዙዎቹ ከደጋ ተመድበው የመጡ ናቸው። ሙቀቱን፣ ወባውን፣ ካላዛሩን ችለው ነው የተቀመጡት። የሰሊጥ አጨዳ ደርሶ ክፍሉ ሲጎድል ወላጅ ቤት ድረስ ሄደው «ልጁን መልሱልኝ» ብለው የሚለምኑ እነሱ ናቸው። ማመልከቻ የሚጽፍ ሲጠፋ የሚጽፉት፣ የእድር ሒሳብ የሚይዙት፣ የተጣላ የሚያስታርቁት እነሱ ናቸው። ለዚህ ሁሉ የሚከፈላቸው የለም።

እንዲህ ያለ መምህር ደመወዙ ሲዘገይ፣ በቂም ሲዛወር፣ ያለ ክስ ሲታሰር ማን ይጮህለታል? ደፋር ማኅበር ነበር የሚጮህለት። መምህር አሰፋ የሞቱለት ነገር ይህ ነው። ጥይቱ አዲስ አበባ ይተኮስ እንጂ፣ ጠረፍ ላይ ብቻውን ያለው መምህር ተከራካሪ ያጣው በዚያው ቀን ነው።

ዛሬም ያለንበትን ተመልከቱ። በክልላችን ጦርነቱ ከተቀሰቀሰ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ መምህሩ በሁለት አፈ ሙዝ መካከል ቆሟል። አንዱ «ለምን ታስተምራለህ?» ይለዋል፣ ሌላው «ለምን አታስተምርም?» ይለዋል። በ2017 የትምህርት ዘመን ከ4 ሚሊዮን በላይ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጪ መሆናቸውን የክልሉ ትምህርት ቢሮ ራሱ ተናግሯል። እዚህ ላይ እውነቱን እንነጋገር። በመንግሥት ወታደር የተገደለ መምህር ስናይ የምንጮህ፣ «የእኛ» በምንለው ታጣቂ የተዋከበ መምህር ስናይ ግን አንገታችንን የምንደፋ ከሆነ፣ የመምህር አሰፋን ስም ባናነሳው ይሻላል። እሳቸው በደልን ሲመዘግቡ የተበዳዩን ዘር አልጠየቁም። እኛም ብሔራቸውን ቆጥረን የራሳችን አርማ ልናደርጋቸው አይገባም። የመምህራን ሁሉ ናቸው።

ስለዚህ ጥያቄያችን ግልጽ ነው። የመምህር አሰፋ ማሩ ግድያ በገለልተኛ አካል ይጣራ። ያዘዘውም የተኮሰውም ይታወቅ። ጊዜ ማለፉ ምክንያት አይሆንም፤ ደም በይርጋ አይታገድም። መንግሥትም ሆነ ታጣቂ፣ ሁሉም ከመምህሩና ከትምህርት ቤቱ ላይ እጁን ያንሳ።

አንተም ወንድሜ፣ አንቺም እህቴ፣ ከፖስት ያለፈ ነገር አድርጉ። የሰፈራችሁ ትምህርት ቤት ከተዘጋ አምስት ልጆች ሰብስባችሁ ፊደልና ሒሳብ አስቆጥሩ። ያስተማራችሁን ሰው ደውላችሁ «እንዴት ሰነበቱ?» በሉት። የሞቱባችሁን መምህራን ስም፣ ያስተማሩበትን ዘመንና ትምህርት ቤት በደብተር ጻፉ። መዝጋቢ ያጣ ሰው ሁለት ጊዜ ይሞታል። መምህር አሰፋም የሌሎችን ስም ሲመዘግቡ የኖሩት ለዚህ ነበር።

ነፍስ ይማር፣ መምህር አሰፋ!
ክብር በየጠረፉ ጠመኔ ይዘው ለቆሙ መምህራን!